ስድስተኛው ወንበር

አዮዋ፣ ጥቅምት ነው፤ በቆሎውም ደርቋል፣
ቶርቫልድ ኮምባይነሩን ማሳ ላይ አቁሟል።
የጠራው ወረቀት «ጁሪ ነህ» ይለዋል፤
«ዝናቡ ቢመጣስ?» ብሎ አጉረምርሟል።

ትዝ አለው በመንገድ የሲቪክስ ክፍሉ፣
ሚስ ላንግ በጠመኔ ሦስት ሣጥን ሲስሉ፦
ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፣ ኋይት ሀውስ ያስፈጽማል፣
ፍርድ ቤት ይመዝናል።
«እኔ በየት አለሁ?» ጠይቆ ነበረ፤
ደወል ተደውሎ መልሱ እዚያ ቀረ።

ቦት ጫማው ጭቃ ነው፤ በሩን ከፍቶ ገባ።
«ተነሡ!» ሲል አንዱ፣ ዞሮ ኋላ ቃኘ፣
ሹም መስሎት የመጣ፤ ማንም አልተገኘ።
ዳኛዋ በካባ፣ ጠበቃው፣ ፖሊሱ፣
እስኪቀመጥ ድረስ ቆመዋል ለእሱ።

ስድስተኛው ወንበር ሲጥ አለ ሲከብደው፤
ውጭ ዝናብ ጀመረ፤ ቶርቫልድ ግን አልሰማው።