ልኩ ስንት ነው?

ፋናዬ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል፤
ካስፈጨችው ሽሮ አንድ ጣሳ ተርፏል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሠርቼ፣
በዚያ ሁሉ ጩኸት በጆሮ ለይቼ
የትኛው ማሽን ላይ ክር እንደተበጠሰ የማውቅ ሰውዬ፣
በአንዲት ድስት ተረታሁ፤ ይኼን ለማን ብዬ።

የምሳ ዕቃዬን ስከፍት የሌሊት ፈረቃ ሁሉ
«አንድ ጉርሻ፣ ደምለው!» እያሉ
ይከቡኝ ነበረ።
እንዴት እንደሚሠራ ግን ማናችን ጠየቅን?
እኔ እንኳ፣ አንድ ቀን።

ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ውሃ ጨምሬበት፣
ሽሮውን በትኜ፣ ሳማስል ቆሜበት፣
መልኩ የሷን መሰለ፣ ሽታውም ተጠጋ፤
ጉሮሮዬ ግና «አይደለም» ሲል ዘጋ።

ደሴ ደወልኩላት፣ ለእህቴ ለትርንጎ።
ከጦሳ ጉም ወርዷል፤
ድምጿ እየተቆራረጠ ወረደ በሐረጎ።
«ልኩ ስንት ነው?» አልኳት።
«የምን ልክ?» አለችኝ፤
«ሽንኩርቱ ሲጠግብ ውሃ ስጠኝ ይላል፤
ሽሮው ሲበስልማ ራሱ ይናገራል፤
ጨው እንደ እጅህ ነው።»
እጄንማ አየሁት፤ ግራሶ የጠገበ፣
የብሎን ልክ እንጂ የጨው መቼ አነበበ።

ጥበቃው እንድሪስ «በሶብላ» አለ፣ «ሲወርድ»፤
ሚስቱ «ተው፣ ኮረሪማ ነው፤ እሱንም ቁንጥር፣ በግድ»።
በርበሬ ወንዝ ማዶ እህል የምትሸጠው
ጣሳዬን አሽትታ፣ «አርጅቷል፣ ወዲያ ጣለው!»
ልጣለው?
ከድኜ፣ በብብቴ ይዤው ገባሁ ቤት።
ሁለቴ አበላሽቼ የቀረው ለአራት ራት።

ሐሙስ ማታ ድስቱን ቡታጋዝ ላይ ጥጄ፣
የዶሮውን ቤት ልዘጋ ወደ ጓሮ ሄጄ፣
ሰኪና ጠራችኝ ከቆርቆሮው አጥር።
«ጋሽ ደምለው፣ ጠፉ!» — ተጀመረ ነገር፤
የሰሚራ ሠርግ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣
የዘይት ዋጋ ደግሞ፣ የሰቀሉት ሰማይ፣
ቦርከና ሞልቶ የወሰደው በግ፣
የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈልግ።

እግሬ ጎድጓዳ ረገጠ። ዝቅ ብዬ አየሁት፤
ሁለት ትናንሽ እግር ለዓመታት የቆሙበት።
የኔ ጫማ አልገባም፤ ግማሹ ውጭ ቀረ።

ከዚያ ሸተተኝ።

«አረረ!» ብዬ ስሮጥ ሰኪና ሳቀች፤
«የሷ መቼ ሳያር ወርዶ ያውቃል?» አለች፤
«አሁን መጣሁ ትላለች፣ ግን አትሄድም፤
ወሬያችን ካላለቀ ድስት አይወርድም።»

ከሥር የያዘውን በማንኪያ ፍቄ፣
እፍ እንኳን ሳልለው፣ በትኩሱ ነጥቄ
ቀመስኩት።
እሷ ነች።
ቆሜ በላሁ። ከዚያ ተቀምጬ በላሁ።
ግማሹን በሳህን በአጥሩ ላይ አቀበልኩ።
(ሳህኑ በማግሥቱ ባዶውን አልመጣም፤
አሹቅ ነበረበት።)

እሑድ ትርንጎ ጋ ደወልኩ።
«ጻፊ» አልኳት፣ «ልኩን አገኘሁት።
ሽንኩርት ሁለት ራስ።
ሽሮ በሻይ ብርጭቆ፣ አንድ ተኩል።
ጨው እንደ እጅሽ ይሁን፣ በዚያ አልከራከርም።
ከዚያ ወደ አጥር ሂጂ። ስለ ሰው በግ ጠይቂ።
ሲሸትሽ ቶሎ አትሩጪ።»

ዝም አለች። ጉሙ ነው ብዬ ጠበቅኩ።
«የኔ አጥር ግንብ ሆኗል» አለች ቆይታ፣
«ከማዶው ማን እንዳለ እንኳ አላውቅም።»

ጣሳውን አየሁት፤ ሦስት ራት ቀርቶታል።
«እንግዲያው ስትጥጂ ደውይልኝ» አልኳት፣
«እኔም እዚህ እጥዳለሁ።
እስኪያር እናወራለን።»