ሙራ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ካሜያማ፣ መብራት የጠፋበት ክፍል፤
ቶሞኤ ከስክሪኑ ፊት ቆማ፣ ግራጫ ብርሃን ስታጠልል።
ምስል የለውም ስክሪኑ፤ ወጥ አመድ ነው፣ ከዳር ዳር፤
ዓይኗ ግን ያውቃል፦ ወጥ የሚመስል፣ ወጥ አይደለም ሲመረመር።

ከታች፣ በግራ ጥግ፣ እንደ ደረቀ ላብ በሸሚዝ ላይ፣
ስስ ጥላ አለች፤ ሲያፈጡባት የምትሰወር፣ ገርመም ሲያደርጓት የምትታይ።
ሻጭ አያያትም። ገዢም አያያትም።
ቶሞኤ ግን አንዴ ካየች፣ አላየሁም ማለት አትችልም።

በአገሯ ቋንቋ «ሙራ» ይሏታል፣ ይህችን የብርሃን መዛነፍ፤
መንደርም «ሙራ» ነው፤ በጽሕፈት ይለያል እንጂ አንድ ነው በአፍ።
ሰበቡን ታውቀዋለች፦ ኮረንቲው ከምንጩ ሲነሳ ሙሉ ነው፤
በመዳቡ ክር ሲሄድ ሲሄድ፣ ነጥቡ ሁሉ እየተጎነጨ ሲያሳልፈው፣
ጥግ ለተቀመጠው የሚደርሰው አተላው ነው።
(ኦዋሴም ጥግ ናት። ባቡሩም፣ ሐኪሙም፣ ወጣቱም
ተራርፎ ነው የሚደርሳት።)

አባቷ ኩማዞ እዚያ ነው፤ ጀልባውን ሸጦ ባሕሩን ያልሸጠ ዓሣ አጥማጅ፤
ማታ ማታ ራዲዮኑን ከጆሮው አስጠግቶ፣ እርሳስ ይዞ በእጅ፣
የአየሩን ዜና ይጽፋል፦ ነፋስ ከየት፣ ግፊት ስንት፣ ማዕበል እስከምን፤
ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ተክሎ መስመር ይስባል፤ ማንም አይጠይቀውም ለምን።

በአዲስ ዓመት ቶሞኤ ከፋብሪካዋ ትልቅ ቴሌቪዥን ወሰደችለት።
«ጥሩ ነው» አለ። ጎንበስ አለ። ሻይ ቀዳላት።
በመጋቢት ስትመለስ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጨርቅ ለብሶ አገኘችው፤
ካርታዎቹን ገለጠች፤ የጥሮቹ ሁሉ ቀዳዳ ናቸው።
ከደቡብ ደሴቶች ነፋሱ የለም፤ ከሰሜኑ ወደብ ግፊቱ፤
ቴሌቪዥኑ በበራ ቁጥር ራዲዮኑ ይንጣጣል፤ ቁጥሩን ይውጠዋል ጩኸቱ።
የልጅ ስጦታ «ይጮኻል» ተብሎ ይከሰሳል እንዴ?
ሽማግሌው ዝም ብሎ ነቀለው፤ ያውም አንዴ።

ያ ጩኸት የእጇ ሥራ ነበር። ዓምና፣ ጥጉ እንዲበራ ብላ፣
ኮረንቲውን በሁለት ወገን ለቃው፣ ምቱን አፍጥናው፣ ጉልበት ጨምራ፣
ጥላዋ ስትጠፋ በስብሰባ ተጨብጭቦላት ነበር፤
ብርሃኑን አስተካክላ ሞገዱን ወደ አየር ስትበትነው፣
ለካ የአባቷ ጠረጴዛ ላይ ነበር!

«ፈተናውን አልፏል እኮ፤ ምን ቀረው?» አለ አለቃዋ ሞሮቶ፤
«ቁጥር ቀረው» አለችው፣ «ከአንድ ካርታ ላይ ጠፍቶ።»

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ሌሊቱ። የመዳቡን ክር አሰፋች፤
አንዱን ረጅም መንገድ ትታ፣ እንደ መረብ አጠላለፈች፤
መረብ ከማን እንደተማረች አልነገረችውም ለሞሮቶ።
ከጀርባው ስስ ብረት ዘርግታ ከመሬት አገናኘች፣ ጩኸቱ መሬት ይግባ ብላ፤
ምቱንም አንድ ቦታ ከሚደበድብ ወዲህ ወዲያ በተነችው፣
ካፊያ እንዲሆን እንጂ እንዳይሆን ዱላ።
ጩኸቱ ሲወርድ ጥላዋ ትመጣለች፤ ጥላዋ ስትባረር ጩኸቱ፤
እግር ሲሸፍኑበት ራስ የሚገልጥ ብርድ ልብስ ነው፣ እውነቱ።
ይኸው ዛሬም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጥጓ ጥላ ጋር ትፋጠጣለች፤
«ይህን ያህል» ትላታለች፤ «ይህን ያህል ብቻ ኑሪ።»
ትፈርማለች።

ሰኔ። ኦዋሴ ዝናብ ነው።
አዲሱ ስክሪን በርቷል፤ ራዲዮኑም ተከፍቷል፤
የአንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ቁጥር በቁጥር ይወርዳል።
ኩማዞ እርሳሱን ሳያስቀምጥ ካርታውን ቀማችው፣ እንደ ፈታኝ።
ሁሉም ሞልቷል፤ ከአንዲት ደሴት በቀር።

«እዚህ ጋስ?» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ፤ «እዚህ ጋ ምን ጮኸብህ?»
መነጽሩን አወለቀ። ካርታውን አየ። እሷን አየ።
«ኧረ ምንም አልጮኸ» አለ፤
«እዚያ ጋ እንኳ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ነው።»