ሰም

ከጎህ በፊት እነሳለሁ፤ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤
በሌላው፣ በማይክሮስኮፕ ቀዳዳ፣ የሰው አክታ አነባለሁ።
ኑኩስ ነው ከተማው። እዚህ ነፋስ ጨው ያዘንባል፤
ባሕር የነበረ አሸዋ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል።

ሳርሰንባይ ከሞይናቅ ነው፤ ባሕሩ ጥሎት የሄደ መርከብ ይሰብራል፤
አያቱ ዓሣ ያጠመዱበትን ብረት በኪሎ ይቸበችባል።
«አቧራ ነው» ይል ነበር ሲያስል፤ ሦስት ወር ሙሉ አቧራ።
ሚስቱ ቀበቶው ላይ በምስማር ቀዳዳ ስትበሳ በተራ በተራ፣
አንሶላው በላብ ሲርስ፣ ሸሚዙ ከትከሻው ሲሸሽ፣
አቧራ ነው አለ፣ ደም መሐረቡን እስኪያበላሽ።

ነገሩ ግን የቆየ ነው። ምናልባት በክረምት ባቡር፣ መስኮቱ እንደተዘጋ፣
አንድ የማያውቀው ሰው ሳለ። እሱ ተነፈሰ። ሌላ አልነበረም አደጋ።

ሳንባ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ባዕዱን አየ፤ ዋጠ።
የዋጠውን መፍጨት ግን አቃተው፤ ጥርሱ ሰሙ ላይ አዳለጠ።
ሰም ለባሽ ነው ይህ ተውሳክ፤ የጠላቱ ሆድ ተመቸው፤
የዘበኛውን ቤት ቤቱ አደረገ፤ ማንስ ውጣ ሊለው?
ሌሎች ዘቦች መጡ፤ መግደል ቢያቅታቸው ከበቡት፤
አጥር አጠሩበት፣ በቁሙ ቀበሩት።
እሱም አልሞተም። ተኛ።
ሠላሳ ዓመት።
አጥር ደግሞ ያረጃል፤ በራብ፣ በኀዘን፣ በድካም ብዛት፤
አንድ ቀን ሳንባው መሐል እንደ አይብ የፈረፈረ ጉድጓድ ከፈተለት።

እኔ ዘንድ የሚደርሰው ያኔ ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ።
ቀይ ቀለም አፈስበታለሁ፤ ከሥሩ እሳት፤ እስኪተን እንጂ እስኪፈላ አይደለም።
ሰሙ በሙቀት ላልቶ ቀለሙን ሲጠጣ፣
አሲድ አወርድበታለሁ፤ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲነጣ፣
እሱ ብቻ አይለቅም። ሰማያዊ እደርባለሁ በላዩ፤
ይኸው፣ እንደ ጀልባ ባሕር ላይ፣ ቀያይ ጭረቶች ታዩ።
ሰም አለው፤ ወርቅ ግን የለው። ለፈቺ ያስቸገረው ይህ ነው።

አራት ዓይነት መድኃኒት ሰጠነው። ሽንቱ ብርቱካን መሰለ፤
በሁለት ወሩ ሳሉ ቀረ፤ «ድኛለሁ» አለ።
ነርሷ ኦራዝጉል አስቀምጣ ነገረችው፦
«ይህ ችኩል አይደለም። አንዱ ሁለት ለመሆን ቀን ይፈጅበታል።
የሚተኛም አለ፤ የተኛን መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም።
ስድስት ወር የምንልህ፣ እስኪነቃ በር ላይ ለመጠበቅ ነው።»
ራሱን ነቀነቀ።
በማግስቱ አክቶቤ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበር።

አልፈረድኩበትም።
ዕዳ ሳንባ የለውም፤ ቁጭ ብሎ አያስታምም።

በዓመቱ ሲመለስ ቀበቶው ላይ የሚበሳ ቦታ ጠፋ።
ዘሩን የሚያነበው ማሽን በሁለት ሰዓት ፈረደ፦
የፊተኛው መድኃኒት አይነካውም፤
ከሞት ያመለጠው ነው ልጅ የወለደ።

ደግሞ ስድስት ወር። አዳዲስ ክኒኖች።
አሁን ኦራዝጉል ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤
«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሣ» ትላለች።
ውስጥ እግሩን መርፌ መርፌ ይለዋል፤ ምግቡ ብረት ብረት ይላል፤
ይሳደባል። ይውጣል።
እሷ መዝገቡ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ስድቡን አትጽፍም።

ዛሬ የስድስተኛው ወር ብልቃጥ መጣ።
«የለም» ለማለት አንድ መቶ ሜዳ ማየት ግድ ነው፤
ዘጠና ዘጠኝ አይበቃም።
ባሕሩ ከሞይናቅ ሄዶ የቀረው እዚህ ነው፣ ብርጭቆ ላይ፣ ሰማያዊ።
አያቱ ይህን ባሕር ሲያዩ ጀልባ ነበር የሚመኙ፤
እኔ ባዶውን እመኛለሁ።

ሰባ ሁለት። ባዶ።
ሰባ ሦስት። አንድ ቀይ ነገር... የቀለም ፍርፋሪ ነው፤ ትንፋሼን መለስኩ።
ሳርሰንባይ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤
በጣቱ የቀበቶውን ቀዳዳዎች ይቆጥራል።
ዘጠና ስምንት።
ዘጠና ዘጠኝ።
ዓይኔን ጠረግሁ፤ መስታወቱን በቀስታ ገፋሁ።