የዝናብ መዝገብ

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥር ወር መባቻ፣
ከኢኪኬ ወደብ ተነሥቼ ለብቻ፣
በረሃውን አቋርጬ ደብተር የምሰበስብ ሠራተኛ ነኝ፤
«ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» ብዬ እንድጠይቅ ነው መንግሥት የሚከፍለኝ።
ምድሩ አታካማ ነው። ጥያቄው ራሱ ያስቃል።

ፖሶ ሴኮ ትባላለች የመጨረሻዋ መንደር፤
ባቡሩ ጥሏት ሄዶ ሐዲዱ የቀረላት ምድር፤
አሥራ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የውሃ ቦቴ በየሳምንት፣
ከታማሩጎው ዛፍ አጠገብ የዶኛ ኤዱቪሄስ ኮልኬ ቤት።

ባሏ ሐዲድ ጠጋኝ ነበረ፤ ሲሞት የተወላት
የናስ መስፈሪያ ናት፤ ከደጃፏ ሁለት መቶ አሥራ አራት
እርምጃ ርቃ የቆመች፣ ከእንጨት ላይ፣
አፏን ከፍታ የምትጠብቅ ወደ ሰማይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ትሄዳለች፤
ባርኔጣዋን ደፍታ፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ሰክታ፣
ጎንበስ ብላ ታያለች።
ምንም የለም።
ትጽፋለች፦ ዜሮ።
በማግስቱም ዜሮ።
ከትናንት የማይሻል፣ ከነገ የማይለይ ኑሮ።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ፣ ደብተሯን ሳገላብጥ ሳቅ አመለጠኝ፤
ከዳር እስከ ዳር ዜሮ፣ እንቁላል የተደረደረ መሰለኝ።
«ዶኛ፣ በዓመት አንዴ ቢጻፍ» አልኳት፣ «ምን ይጎድላል?
ዝናብ የመጣ ዕለት መንደሩ ሁሉ ያወራል።»
መልስ አልሰጠችኝም። የተቆላ በቆሎ ገፋ አድርጋልኝ
በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ጀመር።

ከዚያ ሐምሌ ላይ፣ አንድ መስመር አየሁ፣ ነጭ፤
ቁጥር ያልሰፈረበት፣ እንደ ወለቀ ጥርስ ከሰልፉ ውጭ።
«ይሄስ?»
«ትኩሳት ጣለኝ። ከአልጋ መውረድ አቃተኝ።»
«ታዲያ ዜሮ በይው! እንዳልዘነበ ማን ያጣዋል?» ስላት፣ አየችኝ፤
ሌባ እንደሚያዩ አየችኝ።

«ዜሮ ማለት ሄጄ አየሁ ማለት ነው፣ ልጄ፤
ያልሄድኩበትን ቀን አልጽፍም በእጄ።
ባዶ ሌላ፣ ዜሮ ሌላ፤ ሁለቱን አታምታታ፤
ዜሮው የእግሬ ድካም ነው፤ ባዶው የቀረሁበት ቦታ።»

ሐኪሜ ስኳሬን ለክቶ «ተራመድ» ሲለኝ፣ በወኔ ስነሣ
የገዛሁት ደብተር ነበረኝ፣ ከመኪናዬ ኪስ የተረሳ።
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሞላሁት፤ ሃያኛውን ሳትኩ፤
በሃያ አንደኛው ቀን ገጹን ለማየት አፈርኩ፤
ከዚያ ወዲህ፣ ሰኞ እጀምራለሁ እያልኩ፣
ስንቱን ሰኞ ቀበርኩ።

«ከትኩሳቱ ማግስት» አልኳት፣ «ምን አስነሣሽ?»
«ጫማዬ እበሩ ሥር ነበረች» አለች።
ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። ምሥጢር ቢጤ። ስእለት ቢጤ።
ገባት መሰል፣ ጨመረችልኝ፦
«አንዳንድ ቀን እስከ መቶ ስቆጥር እየተራገምኩ ነው፤
ደስ እስኪለኝ ብጠብቅማ፣ እዚህ አገር ደስታም እንደ ዝናቡ ነው።»

ሦስት ጊዜ ዘንቧል በሠላሳ አንድ ዓመት።
ገጾቹን ፈልጌ አገኘኋቸው፤ አንዱ፣ ነጥብ አራት።
ከሥሩ አላሰመረችም፤ እርሳሱንም አላጠበቀች፤
እንደ ዜሮዎቹ በዚያው እጅ፣ በዚያው መጠን ጽፋ አልፋለች።

ቁልቁል ስመለስ ካማንቻካው መንገዱን ሸፈነው፤
ጉሙ እስኪገፈፍ ቆምኩና የኔን ደብተር አወጣሁት፤ አቧራ ነው።
ነጩን ገጽ ሁሉ ነጭ ተውኩት። ብዙ ነው። አልቆጠርኩትም።
ከመኪናው ወርጄ ሐዲዱን ተከትዬ ትንሽ ሄድኩ፤ አርባ ደቂቃ አልሞላሁም፤
«ዐሥራ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እበሩ ሥር አኖርኩት።
ባለቤቴ ኔልዳ ሽታው አስመርሯት
ወደ ውጭ ወረወረችው።
ያው፣ ውጭም ቢሆን በር ሥር ነው።