የውሃው ልክ

ግሮኒንገን፣ ኅዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናብ መስኮቱን ሲቧጥጥ፣ ጠፍቶ ሰማይ፣
ዊትስኬ ቅጿን አወጣች፣
ገጽ አራትን ገለጠች፦
«ተሳታፊው ተጋላጭ ነው?»
ሁለት ሳጥን። አዎ። አይደለም።
ለሌላ መልስ ቦታ የለም።

ፊት ለፊቷ ሲብረን አለ፣ ኮቱን ገና ያላወለቀ፣
ከከፍታው ቦይ ወደ ዝቅታው ጀልባ የሚያሳልፈውን በር
አርባ ዓመት የጠበቀ፤
ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ
ከአልጋ መውረድ የከበደው፣
ከጥፍሩ ሥር የግራሶ ጥቁር ዛሬም ያልለቀቀው።

መመሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች፦
ድባቴ ያለበት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ዕድሜው የገፋ።
ሦስቱንም አሟልቷል። እስክሪብቶዋን አነሳች።

አንገቱን አስግጎ ቃሉን አነበበ።
«ምን ማለት ነው? ብርጭቆ ነኝ? ልሰበር ነው?»
«አይ» አለች፣ «ልንጎዳዎ እንችላለን ማለት ነው።»
ከአፏ ሲወጣ ነው እሷም የሰማችው።

«እንግዲያ ስለ እኔ አይደለማ ጥያቄው!»

(እኔም ቃሉን በቋንቋዬ ብፈታው፣
ገላጭ ከፊቱ ካልቆመ
የታል ተጋላጭ የምንለው?)

«ልጄ» አለ፣ «የቦይ በር ደካማ ሆኖ አይደለም የሚያቃስተው፤
ውሃው ነው፣ ከወዲያ ከፍ፣ ከወዲህ ዝቅ ያለው።
ልዩነቱ ነው የሚገፋ።
እኔ በጉልበት በር ከፍቼ አላውቅም።
ትንሿን መስኮት ከፈት አድርጌ፣ ሲጋራዬን እስክጨርስ
እጠብቃለሁ፣ ውሃው ከውሃው እስኪደርስ።
ልክ ለልክ ሲገናኝ፣
ያን ሁሉ ብረት
ሕፃን ልጅ በአንድ ክንዱ ይገፋዋል።»

ዝም አለች።
ወንበሯ ከወንበሩ በአንድ ስንዝር ይበልጣል፤
ሦስት ዓመት ተቀምጣበት ዛሬ ገና አየችው።
የድምፅ መቅጃው ቀይ ዓይን እሱን ብቻ ያፈጣል።
የሰዓቱ ክፍያ፣ ሃያ አምስት ዩሮ፣
በታሸገ ፖስታ፣ በእሷ እጅ በኩል ተቀምጧል።

ፖስታውን ወደ እሱ ገፋችው።
ወንበሯን ዝቅ፣ ዝቅ፣
መቅጃውን ጠቅ።
«እርስዎ ይጠይቁኝ በመጀመሪያ።»

ቅጹ በሳምንቱ ከኮሚቴው ተመለሰ፣
«ያልተሟላ» የሚል ማኅተም ለብሶ፤
ሳጥኖቹ ባዶ፣ ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ
አንዲት ቃል ብቻ፦ «ለማን?»

ያን ቀን ሲብረን ጠየቃት።
እሷም ብዙ ቆይታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ መለሰችለት።
ምን እንደተባባሉ አልጽፈውም፤
የፈቃድ ቅጽ አልፈረሙልኝም።