ቅጣው ግቢ የቀረችው

ሐምሌ ሳይቀድመን፣ በግንቦት መጨረሻ፣
ሦስት ሆነን ወጣን ከጀማ ቆላ፣
ብሩን ተካፍለን፣ ለየሰው ድርሻ፣
ቢዘረፍ አንዱ እንኳ፣ እንዲተርፍ ሌላ።

ንጋቱ የእድሩ ዳኛ፣ እኔ ጸሐፊዋ፣
ሦስተኛው ማንያዘዋል፣ ሸምግሎም ዋናተኛ፣
ስልቻ ነፍቶ ሰው የሚያሻግር፣
ክረምት ከክረምት፣ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ።

ደብረ ብርሃን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።
ቅጣው የሚሉት በያጅ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት የአሉሚኒየም ጀልባ።
ሁለቱም አምስት ሜትር፣ የሚይዙት ስድስት ሰው፣
ሁለቱም ሞተራቸው አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት፣
አንዷ ከአንዷ በዋጋ በሦስት ሺህ ነው የምታንሰው።

«መንታ ናቸው» አልኩት። ከፋው። «እህቴ፣
መንታ የወለደች እናት ስም ትስታለች?
ይቺ ሆዷ ዝርግ ነው፣ ልክ እንደ ገበቴ፣
ውሃው ቢጎድል እንኳ ደለል ላይ ትሄዳለች።
ያቺ ግንባሯ ሹል ነው፣ ሙላት ትሰነጥቃለች።
ይቺ የተበየደች፣ ያቺ በሪቬት የተያያዘች።»
ሪቬት ይላላል ወይ? ብየዳስ አይሰነጠቅም?
ለሁሉም መልስ ነበረው። መልሱ ሁሉ እውነት ይመስላል።

ንጋቱ ሹሏን ወደደ። መልኳን ነው የወደደው።
ፈረስ እንደሚገዛ ዞራት፣ ጎኗን መታ መታ፣
ጥርሷን ገልጦ ሊያይ ምንም አልቀረው።
እኔ ርካሿን አልኩ። እኔን የሚያስፈራኝ
ደብተሬ ላይ ያለው ነው፦
ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ገመድ፣ የመኪና ኪራይ፣
ወር ጠብቀው ያልከፈሉ አሥራ ሰባት አባወራ።

ቅጣው ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አስነሳው።
ውሃው ተንተከተከ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣
እኛም የገባን ይመስል ራሳችንን ነቀነቅን።

ማንያዘዋል ዝም።
ጫማውን አወለቀ።
ዝርጓ ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተኛ፤
መሀል ላይ ያለው ወንበር ጉልበቱን አሳጠፈው።
ብየዳ ነው፣ አይነቀልም።
ወጣ። ሹሏ ውስጥ ገባ። የዚያች ወንበር
በአራት ቡሎን ነው የታሰረው። «ፍታው» አለ።
ቅጣው ፈታው። ሽማግሌው ተዘረጋ፣
ከአንገት እስከ ተረከዝ፣ እንደ ሬሳ፣
አይ፣ እንደ ሬሳ አይደለም፣

«አጸደ ወንዝ ዳር ያደረች ለት» አለ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ፣
«ምጥ የያዛት ሴት ስልቻ ላይ አትታሰር።
ቃሬዛው ደግሞ አይታጠፍ።
እስኪነጋ ቆምን፤ ሙላቱም አብሮን ቆመ።
ይቺ ቃሬዛ ታስተኛለች።
ደለሉን ለኔ ተዉት፣ አውቀዋለሁ።»

ንጋቱ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።
አጸደ እህቱ ናት።
ቆይቶ፣ አፍንጫውን በጋቢው ጠርጎ፣
ከሦስት ሺው ላይ አንድ ሺህ አስቀነሰ።

አይሱዙ ላይ ሆዷን ወደ ሰማይ ገልብጠን ጫንናት።
ደነባ ላይ ልጆች «ባሕሩስ?» እያሉ ተከተሉን።
እነዋሪ ዳር አንድ ገበሬ ሞፈሩን አቁሞ
«ለከብት ማጠጫ ከሆነ በዛ» አለ።
ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ሙቀቱ፣ ወንዙ።

ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ በሐምሌ ብቻ
ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው፣ ዘጠኝ ፍየል፣
ቃሬዛ ሦስት። (ሦስቱም ተመለሱ፣ አንደኛዋ ከነልጇ።)

እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው ያቺን ነው።
ነሐሴ ላይ ካንዴላ ልገዛ ብወጣ፣ ቅጣው ግቢ
እዚያው ቦታዋ ላይ ናት፣ ምንም አላለበሳትም።
በረዶ ዘንቦባት፣ ቀልጦ፣ እስከ ጠርዟ ሞልቷል፤
ድንቢጦች እየወረዱ ይጠጣሉ።
ውሃ ላይ ልትሄድ ተሠርታ
ውሃ መጥቶ ውስጧ ተኛ፣
በዚያ በማይነቀለው ወንበር
ግራና ቀኝ።

«ስንት ነው አሁን?» አልኩት ቅጣውን፣
ደብተሬን ሳልከፍት።