የወንፊት ጫማ

በጥር መባቻ ሌሊት ቆርቆሮው ሲደበደብ አድሮ፣
ጦሳ ሲነጋ ታየን ሌላ ሰው ሆኖ ተቀይሮ፤
አረፋ እንደተቀባ ሰው፣ ከጸጉር አስተካካይ ፊት፣
ምላጩን እንደሚጠብቅ፣ አንገቱን ቀልሶ ወደ ኋሊት።

ይመር ጎሚስታው ደወለ፣ ገና ወፍ እንኳ ሳይንጫጫ፦
«ዛሬ ነው! ያ ያልኳችሁ ቀን! ተነሱ በቃ፣ ሩጫ!»
ከአሮጌ መጽሔት የቆረጣት አንዲት ሥዕል ነበረችው፣
ሦስት ዓመት ከጎማው በላይ ግድግዳ ላይ የለጠፋት፤
የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፣ ጉልበት በሚውጥ በረዶ፣
ወንፊት የሚያህል ጫማቸው ከሥር በጠፍር ተጋምዶ።
ሸዋ በር ሱቁ ውስጥ ሆኖ ከመነዳሪ እየቀደደ፣
ቀርከሃ እያጎበጠ፣ ያልሆነለትን እየናደ፣
አሥራ አንድ ጥንድ ሠራልን።

እኔ ከኋላ ነኝ ሁልጊዜ፤ ድርሻዬ ሰው መቁጠር፣
በየማረፊያው ቆሜ «አሥራ አንድ ነን» ብሎ መናገር።
(ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጀራዬ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ፤
እሁድ ግን ኮፍያና ሻሽ፣ የተበተነ መሰብሰብ።)

ሸምሲያ መጣች፣ አዋላጇ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ዓይኗ እንደ ፍም ቀልቶ፣ አልጋ መኖሩን ረስታ።
ጋሽ አራጋው፣ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣
ሙቀት አጥንቱ የገባ፣ ከበረሃ ጋር ያረረ፣
«ብርድ ዕዳ አለበት ለኔ» ብሎ ከኛ ጋር መውጣት ጀመረ።
ኑርዬና እታገኝ ደግሞ፣ በቅርቡ የተጋቡት፣
በአንድ ጃኬት ኪስ ሁለት እጅ የከተቱት፤
ሌሎቹም… ስም ከጠራሁ፣ ገደሉ ሳንደርስ ይመሻል።

ወንፊት በጀርባችን አዝለን ፒያሳን ስናቋርጥ፣
ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ሊፈርጥ።
«ምን ልትነፉ ነው?» አለች አንዷ፤ «ጦሳ ዱቄት አወጣ እንዴ?»
ይመር ዞሮ፣ ፈገግም ሳይል፦ «ከረጢት አለሽ ወይ፣ ዘመዴ?»

ከመጨረሻው ቤት በላይ መንገዱ አቀበት ሆነ፣
ትንፋሻችን ከፊታችን እየቀደመ በነነ።
ባሕር ዛፉን በረዶ መትቶት፣ ቅጠሉ መንገድ ላይ ረግፏል፤
ስንረግጠው፣ ለጉንፋን የታጠኑበት ቤት ይሸታል።

አንድ፣ ሁለት… አሥራ አንድ። ደህና። ውሃ ጠጣን። እንደገና።

ፀሐይ ግን እሽቅድምድም ይዛለች። ከሐይቅ ማዶ ወጥታ
አናቱን ላሰችው ቀድማ፣ ትከሻውን ደግማ መጥታ፤
በየኩርባው ነጩ ሸሸ፣ እየቀለጠ፣ እየሳሳ፣
አረፋው ታጥቦ፣ ጥቁር ፊቱን መለሰልን ጦሳ።

ደረስን፤ ጭቃ። ድንጋይ። የረጠበ ሣር።
ይመር ዝም። አሥራ አንዱ ጥንድ መሬት ላይ ተደርድሮ፣
እንደ ሰኞ ገበያ ሸቀጥ፣ ገዢ አጥቶ፣ ዋጋው ተሰብሮ።

ቆጠርኩ፤ አሥር።
ደገምኩ፤ አሥር።
ልቤ ወደ አዝዋ ገደል ሮጠች፣ እግሬን ጥላው።
«ጋሽ አራጋው!» ስንል፣ ድምፃችን ገደል ገባ፤
ገደሉም ስሙን ጠራው፣ ማዶውም አብሮ አስተጋባ።

ከጽድ ሥር፣ ከቋጥኝ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ጉድጓድ፣
አገኘነው፤ ቁጢጥ ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ ለብርድ።
ከፊቱ የአንዲት ብርድ ልብስ ስፋት ያለው በረዶ፣
ከጥላው ጋር የቀረ፣ እንደ ዘመድ ተዋልዶ።
«ቀስ በሉ» አለን በሹክሹክታ፤ «ከሰማች፣ ትመጣለች።»

ይመር ተንበርክኮ ለሽማግሌው ወንፊቱን አሰረለት፣
ጠፍሩን ጎትቶ፣ እንደ ጎማ መታ መታ አደረገለት።
ጋሽ አራጋው ወጣበት። ዘጠኝ እርምጃ። ዞሮ ዘጠኝ።
አልሰመጠም። (ጥልቀቱ አራት ጣት ነው፤ ማንም ይህን አላነሳም።)
«ተከፈልኩ» አለ። «በሙሉ ባይሆንም፣ ተከፈልኩ።»

ከዚያ ተራ ያዝን። ሸምሲያ በጣቷ ጫፍ ረገጠች፣
ሕፃናቱ ያንቀላፉበት ክፍል እንደምትገባ።
ኑርዬና እታገኝ አንድ ጥንድ ተካፍለው ወደቁ።
እኔ የመጨረሻው፣ ስደርስ፣ ነጩ ራሱ ወንፊት ነበር፤
በየቀዳዳው ሣር ይታያል።

ማታ እህቴ ደወለች፣ ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ወጥታ፤
«እህ፣ አገኛችሁት በረዶውን?» ሳቋን ከጥያቄው አምታታ።
«አገኘነው» አልኳት። «አሁን ግን ወዳንቺ ወርዷል፣ በቦርከና።
ነገ ድልድዩን ስታቋርጪ እይልኝ፣ ትንሽ ቆም በይና።
ቁጠሪን ደግሞ፣ አደራ፤
አሥራ አንድ ነን።»